ምስጋና በዝርዝር

በሞያሌ ጠዋት ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ የሚለዋወጡት ሰላምታ ረዥም ነው። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ሰላም በየተራ ይጠያየቃሉ። መልሱ ግን አጭር ነው። በአማርኛ የተጠየቀው «ተመስገን» ይላል፤ በዓረብኛ ማመስገን የለመደው «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ቦረናው «ነገያ» ብሎ ሰላም መሆኑን ይናገራል። ጥያቄው እንዲህ ዝርዝር ሆኖ ሳለ መልሱ በአንድ ቃል መጠቅለሉ ለምን ይሆን? የተጠየቀው ሰው በእርግጥ ሁሉንም አስቦ ነው ያመሰገነው፣ ወይስ ጥያቄውን ለማሳለፍ?

ይህን የማነሣው ስለ ሰላምታ ወግ ለማተት አይደለም። ተመሳሳይ ጥያቄ ለሥነ ጽሑፋችንም ሊቀርብ ስለሚገባ ነው። የዕለት ኑሮን ማመስገንና በዕለት ኑሮ መደነቅ በቃል ጥበባችን ውስጥ እንዴት ኖረ? የት በረታ? የትስ ደከመ? በእኔ አስተያየት መለያው ዝርዝሩ ነው። ምስጋና ነገሮችን አንድ በአንድ እየጠራ ሲቀርብ ዓይን ይከፍታል፤ በጅምላ ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ ዓይን መጨፈኛ ይሆናል። ይህን አሳብ ከቃሉ ከራሱ ተነሥቼ በጥቂት ምሳሌዎች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በአማርኛ «ማመስገን» የሚለው ግስ ሁለት ሥራ ይሠራል። ውለታ የዋለልንን ሰው እናመሰግናለን፤ መልካም ሆኖ ያገኘነውንም ሰው ወይም ነገር እናመሰግናለን። ግእዝ «ሰብሐ» እና «አኰተ» እያለ ለየብቻ የሚጠራቸውን ውዳሴንና ውለታ ማወቅን አማርኛ በአንድ ቃል አጣምሮ ይዟቸዋል። እንግዲህ በቋንቋችን ውለታን የሚያውቅ ሰው የተደረገለትን ነገር መልካምነትም አብሮ የሚያይ ሰው ነው ማለት ነው። «ግሩም» የሚለውን ቃል ብንመለከትም እንዲሁ ነው። ከግእዙ «ገረመ» የመጣ ሲሆን አስፈሪ፣ አስደንጋጭ የሚል ትርጉም አለው። የቀደሙት ሰዎች አንድን ነገር ግሩም ሲሉት ልባቸው ጥቂት ደንግጦ ነበር። ዛሬ ምሳውም ግሩም፣ ጫማውም ግሩም ሆኖ ድንጋጤው ከቃሉ ወጥቷል።

«እግዜር ይስጥልኝ» የሚለውም አነጋገር በጥሞና ሲታይ ብዙ ነገር ይዟል። ተናጋሪው ብድሩን መለስኩ አይልም። ይህን ለመመለስ የእኔ አቅም አይበቃምና በእኔ ፈንታ እግዚአብሔር ይስጥህ ይላል። በድንበሩ ላይ የሚሰማው የስዋሂሊ «አሳንቴ» ደግሞ «መልካም አደረግህ» ከሚለው የዓረብኛ ቃል እንደ መጣ የቋንቋ ሰዎች ይናገራሉ፤ ምስጋናውን በቀጥታ ለሠሪው ይሰጣል። የኦሮምኛው «ገለታ» እንደ አማርኛው ሁሉ ምስጋናንም ውዳሴንም በአንድነት ይይዛል። በሞያሌ በአንዲት ሱቅ ደጃፍ ሦስቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሰማሉ። ሦስቱም ከተናጋሪው የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ማን ምን እንዳደረገ ለይቶ ማየት ነው። ቃሉ ሲላመድ መጀመሪያ የሚጠፋውም ይኸው ነው።

ወደ ጽሑፍ ስንመጣ፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ በምስጋና ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። እስካሁን ከሚታወቁት የአማርኛ ጽሑፎች ቀደምት ከሆኑት መካከል ከ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን አንሥቶ ለነገሥታት የቀረቡ የውዳሴ ግጥሞች ይገኛሉ። ከዚያም በኋላ የአዝማሪው ግጥም፣ ፉከራውና ቀረርቶው በአመዛኙ የትልቅ ሰውና የትልቅ ጀብዱ አመስጋኝ ሆነው ኖረዋል። ይህ ምስጋና ወደ ላይ የሚያይ ነው። ተመስጋኙ ንጉሥ፣ ጀግና ወይም ባለጸጋ ነው፤ አመስጋኙም ብዙ ጊዜ ሽልማት ይጠብቃል። ውኃ የምትቀዳዋ ሴትና ውኃው ራሱ በዚህ ውዳሴ ውስጥ እምብዛም ቦታ አላገኙም።

ሆኖም ከዚያው ከጥንቱ ትምህርት ቤት የወጣ ሌላ ስልት አለ፤ የግእዙ የመልክእ ድርሰት። መልክአ ማርያምን ወይም መልክአ ኢየሱስን የሚያውቅ አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ ደራሲው ከራስ ጠጉር ተነሥቶ እስከ እግር ጥፍር ድረስ የአካል ክፍሎችን ለየብቻ በሰላምታ ይጠራል። ለዓይን ሽፋሽፍት አንድ አንጓ፣ ለጥፍርም አንድ አንጓ ይሰጣል። የሃይማኖቱን ምሥጢር ለሊቃውንቱ ትቼ ስልቱን ብቻ ብመለከት፣ እዚህ ያለው ጥበብ ሳይቸኩሉ መዘርዘር ነው። ደራሲው በአንድ ጊዜ «ሁለንተናህ ድንቅ ነው» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ግን አላለፈም። ያልተጠራ ነገር እንዳልታየ ይቆጠራልና።

ይህን የመዘርዘር ልማድ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ፣ በየቤቱና በየእምነቱ የምናገኘው ቡና ላይ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ የሚጠጣው ቡና የመጨረሻው ሲኒ ስሙ ራሱ በረከት ማለት ነው። ረከቦቱ ከመነሣቱ በፊት ከተሰበሰቡት በዕድሜ የገፉት ይመርቃሉ፤ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ መንገደኛውን፣ አገሩን በየተራ እየጠሩ። ቦረናዎች ዘንድ ደግሞ «ቡና ቀላ» የሚባል ሥርዓት አለ። «የታረደ ቡና» እንደ ማለት ነው። የቡናው ፍሬ ከነገለፈቱ ጫፉ ይነከስና በቅቤ ይጠበሳል፤ እንደሚታረድ ከብት መቆጠሩ በስሙ ይታወቃል። በዚያም ሽማግሌው ሰውን፣ ከብትን፣ ዝናብን፣ ሣርን፣ ሰላምን አንድ በአንድ እየጠራ ሲመርቅ የተቀመጠው ሁሉ በየአንጓው ይቀበለዋል።

እንደ ሥነ ጽሑፍ ስንመረምረው የምርቃት ሰዋስው ልዩ ነው። ግሦቹ «ይሁን»፣ «ያድርግ»፣ «ይስጥ»፣ «ይጠብቅ» የሚሉ ናቸው። መራቂው ስላለው ነገር ያመሰግናል፤ በዚያው አንደበት ስለሌለው ይለምናል። ዝናብን በስም ጠርቶ የሚመርቅ ሰው ዝናብ መዘግየቱንም ማስታወሱ አይቀርም። ስለዚህ ምርቃት ያለውንና የጎደለውን በአንድ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። «ሁሉም መልካም ነው» ከሚለው ደረቅ ቃል የሚለየውም በዚህ ነው።

ምስጋናና ድካም አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ደግሞ የቦረና ጉድጓዶች ያሳያሉ። ከሞያሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በኢትዮጵያ በኩል፣ በዱብሉቅና በሌሎችም ስፍራዎች ያሉት ጥልቅ ጉድጓዶች «ቱላ ሰግላን»፣ ዘጠኙ ቱላዎች፣ እየተባሉ ይጠራሉ። በበጋ ሰዎች በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ እንደ መሰላል አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው የውኃውን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ፤ እየተቀባበሉም ይዘፍናሉ፤ ከብቶቻቸውንም በዘፈን ያወድሳሉ። የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ተራ የሚያስጠብቅ «አባ ሄሬጋ» የሚባል ኃላፊ አላቸው። ዘፈኑ የእጆቹን ምት ያስተካክላል፤ ዜማው ከተዛባ ውኃው ይፈሳል። እዚህ ላይ ሰው ውኃ ስለተሰጠው ተቀምጦ አይዘፍንም፤ በዘፈኑ ውኃውን ያወጣዋል። ስለ ምስጋና የሚጽፍ ደራሲ ሁሉ ይህን ቢያስብ መልካም ይመስለኛል።

ይህን መመዘኛ ይዘን ወደ ዘመናዊው ጽሑፋችን ስንመለስ ሁለት ደራስያን ፊት ለፊታችን ይቆማሉ። የመጀመሪያው ሰሎሞን ዴሬሳ ነው። በወለጋ ተወልዶ በአማርኛ የተቀኘው ይህ ባለቅኔ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት» የተሰኘ መድበሉን ሲያወጣ፣ የተለመደውን ምጣኔና ቤት መምቻ አላልቷል ተብሎ ብዙ ክርክር ተነሥቶበት ነበር። ክርክሩ በቅርጹ ላይ ስላተኮረ የርእሱ ነገር ተዘነጋ። ልጅ ማለት ነገሮችን ገና በመጀመሪያው ጊዜ የሚያይ ሰው ነው፤ ለእርሱ ትንሽና ትልቅ የሚባል ነገር ገና አልተለየም። በእኔ ንባብ፣ ሰሎሞን ቅርጹን ያላላው ለማፍረስ ብሎ ሳይሆን በወል ቤቱ ምት ውስጥ ቦታ ያጡት ጥቃቅን ነገሮች እንዲገቡ በር ለመክፈት ነው። ያ በር ዛሬም እንደ ተከፈተ ነው፤ ገጣሚዎቻችን ግን ልቅነቱን ወስደው አስተውሎውን የተዉበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ስሙ ራሱ ምስጋና ማለት የሆነው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው። በ1928 ዓ.ም. በዐድዋ አካባቢ ተወልዶ በየካቲት 2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያረፈው ይህ ደራሲ፣ በዕለት ኑሮ መደነቅን ለአማርኛ ስድ ንባብ እንደ ሥራ አድርጎ የያዘ ሰው ነበር። «ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን የሌሊት ሕይወት ሲተርክ የብዙዎች ምላስ ሊፈርድባቸው የተዘጋጀባቸውን ሴቶች አይፈርድባቸውም። ያያቸዋል፤ ጨዋታቸውን፣ ቁጣቸውን፣ ሣቃቸውን እንዳለ ያስቀምጣል። መጽሐፉ ለብዙ ዓመታት ሳይታተም የቆየው በግልጽነቱ ምክንያት ነው። የዛሬ አንባቢ ግን ከግልጽነቱ ይልቅ አክብሮቱ ሊታየው ይገባል። ሰውን ሳይቸኩሉ ማየትም አንድ የምስጋና ዓይነት ነውና።

ዘነበ ወላ ከስብሐት ጋር ያደረገውን ጭውውት አሰባስቦ በ1993 ዓ.ም. «ማስታወሻ» ብሎ ሲያቀርበው አንባቢው ደራሲውን በቅርብ አገኘው። በዚያ መጽሐፍ ሁለት ስብሐት ያለ ይመስለኛል። አንዱ ስለ ልጅነቱና በሕይወቱ ስላገኛቸው ሰዎች ሲተርክ፣ ነገሩን ሁሉ ዛሬ ያየው ያህል በዝርዝር የሚያወጋው ነው። ሌላው ሕይወት ድንቅ እንደሆነች በጥቅሉ የሚናገረው ፈላስፋ ነው። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ያሳምናል። ሁለተኛው የሚያሳምነው የመጀመሪያው አብሮት ሲኖር ብቻ ነው። የስብሐት ተከታዮች ነን የሚሉ ጸሐፊዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የወሰዱት ሁለተኛውን ነው። በየጋዜጣው አምድ «ኑሮ ግሩም ነው» ተብሎ ይጻፋል፤ ምኑ ግሩም እንደሆነ ግን አይነገርም። መደነቅ በጥቅል ሲቀርብ ስብከት ይሆናል፤ አንባቢውም በአክብሮት ሰምቶ ይረሳዋል።

በውጭው ዓለምም ምስጋና ዛሬ የጥናት ርእስ ሆኗል። በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማክካሎ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ በየሳምንቱ እስከ አምስት የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች እንዲጽፉ ያደረጓቸው ሰዎች፣ የሚያስመርሯቸውን ነገሮች ከጻፉት ይልቅ ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ጽፈዋል። የሚገርመው፣ ጥናቱም የሚያጠነጥነው በዝርዝር ላይ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ግን ሊታለፍ አይገባም። በዚያ ዝርዝሩ አንድ ሰው ለብቻው በደብተሩ የሚጽፈው ነው፤ ዓላማውም የጸሐፊው ደስታ ነው። በቡናው ዙሪያ ግን ዝርዝሩ ጮክ ተብሎ ይነገራል፤ ጎረቤት ይሰማዋል፤ «አሜን» ያለው ሁሉ የጎደለውን ለመሙላት በከፊል ኃላፊ ይሆናል።

የዚህ ክርክር ክብደት እንደ ሞያሌ ባለ ከተማ በግልጽ ይታያል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲከዳ የከብት ሬሳ መንገድ ዳር ወድቆ አይተናል። ከዚያ ቀደም በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያው ሞያሌ ዘጠኝ ሲቪሎች በወታደሮች ጥይት ከተገደሉ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኬንያው በኩል ተሻግረው በመጠለያ ሰንብተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ተመስገን» ሁለት ትርጉም ይይዛል። አንደኛው «ነፍሴ ተርፋለች፣ ልጄም ተርፏል» ነው፤ ይህ እውነተኛ ምስጋና ነው። ሁለተኛው «ምንም አትጠይቁኝ፣ እኔም ማንንም አልጠይቅም» ነው። ይኸኛው ሰውን ዝም ያሰኛል፤ መልስ ሊሰጥ የሚገባውንም ከመልስ ያድነዋል። ለምስጋና የሚጽፍ ብዕር ሁለቱን ካልለየ፣ የተራበውን ሰው ትዕግሥት አሞግሶ ረኃቡን ይረሳል።

ሁለቱን እንዴት መለየት እንደሚቻል ያስተማሩኝ ግን መጻሕፍት አይደሉም። በዕድሜ እናቴን የሚበልጡ አንዲት ጎረቤት ነበሩኝ። በድርቁ ጊዜ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ጠርተውን፣ በረካው ከተጠጣ በኋላ እንደ ልማዳቸው ማመስገን ጀመሩ።

«ለጀበናዬ ተመስገን፤ ስንት አገር ዞራ አልተሰበረችም። ለከሰሉ ተመስገን። ለእነዚህ ልጆች ተመስገን፤ እንኳን መጡልኝ።»

ከተቀመጡት አንዱ «ለውኃውም ይበሉ እንጂ፣ እማማ!» አላቸው። የቧንቧው ውኃ ከጠፋ ወራት አልፈውት ነበር፤ በጀሪካን የሚሸጠውም ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም።

እርሳቸውም ሲኒዎቹን እየሰበሰቡ «ለውኃውማ ገና ነኝ፤ ሲመጣ አመሰግናለሁ። ያልመጣውን መጣ ብዬ እግዜርን አላታልልም» አሉ።

ሁላችንም ሣቅን። በኋላ ሳስበው ግን እኚያ ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገሩት እኔ በብዙ ገጽ ልገልጸው የምታገለውን ነው። አንድ በአንድ ስለሚያመሰግኑ የጎደለውን ያውቁታል። «ስለ ሁሉም ተመስገን» ብለው ቢሆን ኖሮ ውኃው መጥፋቱን እዚያ ቡና ላይ ማንም ባላነሣው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ውኃው ለመጠየቅ ከሰፈሩ ተመርጠው ከሄዱት ሰዎች መካከል እርሳቸውም ነበሩ።

የሞያሌ ኑሮ ደግሞ ለመደነቅ የሚሆን ዝርዝር ሞልቶታል። ከኬንያው በኩል ወደ ኢትዮጵያው የተሻገረ ሰው በአንድ እርምጃ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሰዓቱ ግን አይለወጥም። በስዋሂሊ «ሳ ሞጃ»፣ በአማርኛም «አንድ ሰዓት» የሚባለው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው ያው ሰዓት ነው። ሁለት መንግሥታት በዓመት ቁጥር ያልተስማሙበትን ሁለት ቋንቋዎች በጎሕ መቅደድ ተስማምተውበታል። መኪናው በኬንያ በግራ ሲነዳ መጥቶ ድንበሩን ሲያልፍ ወደ ቀኝ ይዛወራል፤ ሹፌሩ በየቀኑ ስለሚያደርገው አያስበውም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መሪዎች የተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ መንገደኛውን በአንድ ስፍራ ያስተናግዳል፤ ቡና ጠጪዎቹ ግን ከዚያ አስቀድሞም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ሲስተናገዱ ኖረዋል።

እነዚህ ነገሮች ሁሉ ጸሐፊ ይጠብቃሉ። ስለዚህች ከተማ የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ግጭት፣ ስለ ኮንትሮባንድና ስለ ድርቅ ነው። ሁሉም እውነት ነው፤ መጻፍም አለበት። ነገር ግን ሰው ምን እንዳጣ በትክክል የሚገባን ምን እንደነበረው ስናውቅ ነው። የጠፋው ውኃ ሐዘኑ የሚገባው ያ ውኃ ሲመጣ በጀሪካኑ አፍ ላይ የሚያሰማውን ድምፅ ለሚያውቅ ሰው ነው። ድንቅን መጻፍ ችግርን መሸሽ ነው የሚሉ ተቺዎች አሉ፤ በጅምላ ሲጻፍ እውነታቸውን ነው። በዝርዝር ሲጻፍ ግን የዕለት ኑሮ ምስጋና ከሁሉ የታመነ ምስክር ይሆናል።

ስለዚህ በዚህ ዓምድ ለሚጽፉ ወጣቶች የምለው አጭር ነው። ኑሮ ግሩም ነው ብላችሁ አትጻፉልን። የጀበናዋን አንገት፣ የቦዳ ቦዳውን ልጅ የማለዳ ጉሮሮ ማጽዳት፣ በአንድ ኪስ ውስጥ ብርና ሺሊንግ ሲተሻሹ የሚያሰሙትን ድምፅ ጻፉልን። ያላገኛችሁትንም አገኘን አትበሉ። ጎረቤቴ ለውኃው ምስጋናቸውን እንዳቆዩት፣ እናንተም ላልመጣው ነገር ባዶ መስመር ተዉለት።